ትንሽ ውሻን በቤት ውስጥና በደጅ በተወሰነ ቦታ እንዲጸዳዳ ማስለመድ

ትንንሽ ዝርያ ያላቸው ውሾች ንጽሕናን ቶሎ አይለምዱም የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ስሙ ጭራሽ መሠረት የለውም ባይባልም፣ ከጥፋቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ብዙውን ጊዜ አሳዳጊው ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሳሎን መካከል ቢሸና ቤተሰቡ በሙሉ ይደነግጣል፤ በዚያው ዕለትም መላ ይፈለጋል። 2 ኪሎ እንኳ ያልሞላ ቡችላ ከሶፋ ሥር የሚተዋት አንድ ማንኪያ የምታህል ሽንት ግን አንዳንዴ ማንም ሳያያት ትደርቃለች፤ ብትታይም በጨርቅ ተጠርጋ ትረሳለች። ሰው የረሳውን ሽታ ውሻው አይረሳውም። የሰው አፍንጫ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን የሚደርሱ ሽታ ተቀባይ ሕዋሳት ሲኖሩት፣ የውሻ አፍንጫ እንደ ዝርያው ከ100 ሚሊዮን እስከ 300 ሚሊዮን የሚደርሱ አሉት። ለእኛ የጸዳ የመሰለን ጥግ ለእርሱ ገና ምልክት ያለበት መጸዳጃ ነው፤ በማግሥቱም ወደዚያው ይመለሳል። ትንሿን ጥፋት እንደ ትልቅ ጥፋት መቁጠር፣ ማለትም ሳትደጋገም መከላከል፣ ለትንሽ ውሻ አሳዳጊ የሥልጠናው ግማሽ ነው።

ቀሪው ግማሽ ውሻው የሚማረውን ነገር በትክክል ከማወቅ ይመጣል። ውሻ ስለ ቤት ንጽሕና የሚያስበው ነገር የለም። የሚማረው ከእግሩ ሥር ምን ሲሰማው፣ በየትኛው ቦታና ሰዓት ቢጸዳዳ ጥሩ ነገር እንደሚከተለው ነው። በቤት ውስጥ ለመጸዳጃው በተዘጋጀ ትሪ ላይም ይሁን በደጅ ሣር ላይ፣ የሚሠራው ሕግ ይኸው አንዱ ነው።

ከተፈጥሮው ምን ይጠበቃል?

ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ እናቱ እርዳታ አይጸዳዳም፤ እናቲቱ ሆዱንና ከጅራቱ ሥር ያለውን ክፍል እየላሰች ታስጀምረዋለች፤ የሚወጣውንም ራሷ ታጸዳለች። ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ግን ከመኝታው ወጣ ብሎ መጸዳዳት ይጀምራል። የተኛበትን ላለማቆሸሽ ያለው ይህ ዝንባሌ የሥልጠናው ሁሉ መነሻ በመሆኑ፣ በጠባብና በቆሸሸ ስፍራ ታጉሮ ያደገ፣ በራሱ እድፍ ላይ መተኛትን የለመደ ቡችላ ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ጊዜ መፍጀቱ አያስደንቅም። ወደ 8 እና 9 ሳምንት ሲጠጋ ደግሞ የሚጸዳዳበትን ወለል መምረጥ ይጀምራል፤ ጋዜጣ ላይ የለመደ ጋዜጣ ይፈልጋል፣ ሣር ላይ የለመደ ሣር፣ ምንጣፍ ላይ የለመደም ምንጣፍ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና፣ ቡችላውን ሲረከቡ ስለ ክትባቱና ስለ ምግቡ ብቻ ሳይሆን እስካሁን በምን ላይ ይጸዳዳ እንደነበረም የቀድሞ አሳዳጊውን ይጠይቁ። መልሱ ጋዜጣ ከሆነ በጋዜጣ ጀምሮ ወደሚፈልጉት ወለል ቀስ በቀስ ማሻገር፣ በአንድ ቀን ሁሉን ከመለወጥ ይቀላል።

አንድ ቡችላ በቀን ሽንቱን የሚቋጥርበት ከፍተኛ ጊዜ በግምት የሚሰላው በወር በተቆጠረ ዕድሜው ላይ አንድ በመጨመር ነው፦ የ2 ወሩ 3 ሰዓት፣ የ3 ወሩ 4 ሰዓት ያህል ሊቆይ ይችላል። ይህ ግን ጣሪያው ነው፤ ለዚያውም ተኝቶ ሳለ። የትንሽ ዝርያ ቡችላ ፊኛው ትንሽ ስለሆነና ሰውነቱም ምግብና ውኃን ፈጥኖ ስለሚጠቀም፣ ነቅቶ በሚጫወትበት ጊዜ በየሰዓቱ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ቦታው ቢወሰድ ይመረጣል። በዚያ ላይ በጣም ትንሽ ቡችላ ሳይበላ ረጅም ጊዜ ከቆየ የደሙ ስኳር ሊወርድበት ስለሚችል በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይመገባል፤ ብዙ ጊዜ የበላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጸዳዳል። ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀት መንቀሳቀስ ስለሚጀምር፣ አብዛኞቹ ቡችላዎች ከበሉ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ዓይነ ምድር ይወጣሉ። ይህ ለአሳዳጊው ትልቅ እድል ነው፤ የሚበላበትን ሰዓት የወሰነ ሰው የሚጸዳዳበትንም ሰዓት በአመዛኙ ወስኗል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ምግብ በሳህን ላይ ተቀምጦ እየመጣ የሚቀምስ ቡችላ ግን ሰዓቱ ፈጽሞ አይታወቅም። ምግቡን በተወሰነ ሰዓት አቅርበው ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ ሳህኑን ያንሡ።

ቦታውን አስቀድሞ መወሰን

ቡችላው ቤት ከመግባቱ በፊት ቤተሰቡ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ይህ ውሻ ካደገ በኋላ የሚጸዳዳው የት ነው? መልሱ ደጅ ብቻ፣ ቤት ውስጥ ብቻ፣ ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ የሚለው ምርጫ የሰነፍ ምርጫ ተደርጎ ሲነቀፍ ይሰማል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ ለሚከብደው አሳዳጊ፣ ብርድ ለሚጎዳው 2 ኪሎ ውሻ ተገቢ መፍትሔ ነው። የክትባት ጉዳይም አለ። የቡችላ ክትባት ብዙውን ጊዜ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ተጀምሮ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት ይቀጥላል፤ ቡችላን በፍጥነት የሚገድለው ፓርቮ ቫይረስ ደግሞ በአፈር ውስጥ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ክትባቱ እስኪያልቅ ድረስ ብዙ ውሾች የሚመላለሱበት መንገድና ሜዳ ለቡችላው አይሆንም። የታጠረና ያልተከተቡ ውሾች የማይገቡበት የራስ ግቢ ሌላ ነገር ነው፤ ያም ቢሆን የእንስሳት ሐኪሙን አስተያየት መስማት ይገባል።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ግቡ ደጅ ከሆነና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስተማማኝ ግቢ ካለ፣ በቤት ውስጥ ሽንት መጣጭ ንጣፍ ላይ ማስለመዱን ጨርሶ ይዝለሉት። እያንዳንዱ ተጨማሪ ወለል በኋላ የሚፈርስ ተጨማሪ ልማድ ነው። ሁለቱንም ማስለመድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አንዱን መጀመሪያ ያጽና፤ ውሻው ለሦስትና ለአራት ሳምንታት ካልተሳሳተ በኋላ ሁለተኛውን ይጨምር። ከመጀመሪያው ቀን አንዴ ትሪ፣ አንዴ ሣር፣ አንዴ በረንዳ የተወሰደ ቡችላ የሚማረው የትም ቢሆን እንደሚቻል ነው።

የሚዘጋጁ ነገሮች

ከሁሉ በፊት የመኝታ ሳጥን ያስፈልጋል። መጠኑ ቡችላው ቆሞ፣ ዞሮና ተዘርግቶ ለመተኛት የሚበቃው ያህል ብቻ ይሁን። «ያድግበታል» ተብሎ ሰፊ ሳጥን ከተገዛ ቡችላው በአንዱ ጥግ ይተኛል፣ በሌላው ጥግ ይሸናል፤ የተኛበትን ያለማቆሸሽ ዝንባሌውም አይሠራለትም። ሳጥኑ ሰፊ ከሆነ በካርቶን ወይም በእንጨት ይከፈል። ቅጣት የሚፈጸምበት ስፍራ ፈጽሞ መሆን የለበትም፤ ቡችላው ምግቡን በውስጡ እየበላ፣ በሩ ተከፍቶ እየገባና እየወጣ ሊወደው ይገባል። ከዚህ ሌላ ለውሻው ልክ የሆነ የደረት ማሰሪያና 2 ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀላል ገመድ ያስፈልጋል። የብዙ ትንንሽ ዝርያዎች የአየር ቧንቧ በቀላሉ ስለሚጎዳ አንገትን ከሚስብ ማሰሪያ ይልቅ ደረትን የሚይዘው ይሻላል። ከአተር ፍሬ የማይበልጡ፣ ቶሎ የሚዋጡ ቁራሽ ጉርሻዎችና ኢንዛይም የተባለ ሽታ አፍራሽ ንጥረ ነገር ያለበት የእንስሳት ሽንት ማጽጃም ከእጅ አይራቁ። ቤት ውስጥ የሚለማመድ ከሆነ ሽንት መጣጭ ንጣፍ ወይም ሰው ሠራሽ ሣር የተነጠፈበት ትሪ ይጨመራል።

የየዕለቱ ሥራ

ቡችላ ወደ መጸዳጃው የሚወሰድባቸው ጊዜያት ቁርጥ ያሉ ናቸው፦ ከእንቅልፍ እንደነቃ፣ ከበላና ከጠጣ በኋላ፣ ከጨዋታ በኋላ ወይም ጨዋታው ሲግል በመካከሉ፣ ከሳጥኑ እንደወጣ፣ እንዲሁም ማታ ከመተኛቱ በፊት። በእነዚህ መካከል ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው የየሰዓቱ ወይም የየግማሽ ሰዓቱ ጉዞ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራው በቀን ከ12 ጊዜ በላይ መመላለስን ሊጠይቅ ይችላል፤ ቡችላ ለመቀበል የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቀው መልካም ነው።

እዚህ ላይ የትንሽ ውሻ ባለቤት አንድ ጥቅም አለው፤ ውሻውን አንሥቶ መሸከም ይችላል። በክንድ የታቀፈ ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ አይሸናም፤ ከሳጥኑ እስከ በሩ ባለው መንገድ ላይ የሚደርሰው ጥፋትም በዚህ ይቀራል። ዳሩ ግን ይኸው ጥቅም መልሶ ወጥመድ ይሆናል። ለወራት እየተሸከሙት የወጣ ውሻ ወደ በሩ የሚወስደውን መንገድ በእግሩ ስለማያውቀው፣ ሲጨንቀው ወደ በሩ ሄዶ መቆምን አይማርም፤ አሳዳጊው ደግሞ «ውሻዬ ምልክት አይሰጥም» እያለ ያማርራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በኋላ በገመድ ይዘው በራሱ እግር እንዲሄድ ያድርጉት። ደረጃ ካለ ደረጃውን ተሸክመው ያሳልፉት፣ ቀሪውን ይራመድ።

በጉዞዎቹ መካከል ቡችላው ከሁለት ሁኔታዎች በአንዱ ይሁን፦ ወይ ዓይንዎ ሥር፣ ወይ በሳጥኑ ውስጥ። ሌላ ሥራ እየሠሩ ለመከታተል ገመዱን ከወገብዎ ጋር ማሰር ይቻላል። ወለሉን እያሸተተ መዞር፣ ጨዋታውን በድንገት ማቆም፣ ወደ ሌላ ክፍል ሹልክ ማለት፣ መቁነጥነጥ፣ ማለቃቀስ ሁሉም ምልክቶች ናቸው። ትንሽ ውሻ ሲሸና ሰውነቱ የሚወርደው በጣት ውፍረት ያህል ብቻ በመሆኑ ከተራ መቆም ለመለየት ያስቸግራል፤ ወንድ ቡችላም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ወራት እግሩን ሳያነሣ እንደ ሴቷ ዝቅ ብሎ ነው የሚሸናው። ስለዚህ ምልክቱን በጥርጣሬ ደረጃ ሳለ ማመን ይሻላል። በከንቱ አሥር ጊዜ ወጥቶ መመለስ አንድ ጊዜ ወለል ላይ ከመሸናት ያነሰ ጉዳት አለው።

በደጅ

ሁልጊዜ በአንድ በር ወጥተው ወደ አንድ ቦታ ይሂዱ። ግቢው የታጠረ ቢሆንም እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገመዱ አይፈታ፤ የተፈታ ቡችላ ቢራቢሮ ያሳድዳል፣ የወጣበትን ጉዳይም ይረሳል። ቦታው ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ይቁሙ። ማሸተት ሲጀምር አንዲት የተመረጠች ቃል በለስላሳ ድምፅ ይናገሩ፤ ከጊዜ በኋላ ቃሏን ሲሰማ መጸዳዳት ይለምዳል፤ ይህም በዝናብና በችኮላ ሰዓት እጅግ ይጠቅማል። ቃሏን ሲመርጡ በሰው ፊት ጮክ ብለው ቢናገሯት የማያሳፍር ትሁን፤ ለዓመታት አብራችሁ ትኖራለችና።

አምስት ደቂቃ ቆይቶ ምንም ካላደረገ ይዘውት ይግቡ፤ ነገር ግን ወለል ላይ አይልቀቁት። በሳጥኑ ውስጥ ወይም በጭንዎ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አቆይተው መልሰው ያውጡት። ሲጸዳዳ ዝም ብለው ይጠብቁ፤ መሐል ላይ ቢያወድሱት ግማሹን ትቶ ወደ እርስዎ ይሮጣል፤ ቀሪውን ቤት ገብቶ ይጨርሳል። እንደጨረሰ ግን በአንድና በሁለት ሴኮንድ ውስጥ፣ እዚያው ቆሞበት ባለው ቦታ፣ ጉርሻውን ይስጡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጉርሻው ቤት ውስጥ ማሰሮ ውስጥ ተቀምጦ ውሻው ተመልሶ ሲገባ ይሰጠዋል፤ ውሻውም ሽልማቱን ያገኘሁት በመግባቴ ነው ብሎ ይረዳል። ጉርሻው ኪስ ውስጥ ይኑር። ከዚያ በኋላ ጥቂት ያጫውቱት ወይም ያንሸራሽሩት። በተጸዳዳ ቅጽበት ወደ ቤት የሚመለስ ውሻ መጸዳዳት የሽርሽሩ ማብቂያ መሆኑን ይማርና ደጅ ለመቆየት ሲል ሽንቱን መያዝ ይጀምራል። ብዙ ቡችላዎች ሽንታቸውን ቶሎ ቢሸኑም ዓይነ ምድር ለመውጣት ጥቂት መራመድ ያስፈልጋቸዋል፤ ጠዋት ላይም ሁለቴ የሚወጡ አሉ።

ለትንሽ ውሻ ደጁ ራሱ አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ሣር የእርሱን ሆድ ያረጥባል፤ ትንሽ ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣም ብርዱ ይብስበታል። ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ደፍ ላይ ቆሞ አልወጣም ማለቱ እልኸኝነት ተደርጎ አይቆጠር። የሚጸዳዳበትን ክፍል ሣር አሳጥረው ይጨዱ፤ ከተቻለ ከላይ መጠለያ ያብጁ፤ በብርድ ጊዜ ልብስ ያልብሱት። ከሁሉ በላይ አብረውት ይውጡ። ቡችላውን ብቻውን አስወጥቶ በሩን መዝጋት ማለት አሥር ደቂቃ በሩ ሥር ቆሞ እንዲያለቅስና እንደገባ ሳሎን ውስጥ እንዲሸና ማድረግ ነው።

ዓይነ ምድሩን በየዕለቱ ያንሡ። በቡችላዎች አንጀት ውስጥ የሚገኙት ድቡልቡል ትሎች እንቁላላቸው ከወጣ በኋላ ወደ ሌላ ለመተላለፍ ዝግጁ እስኪሆን ሳምንታት ስለሚወስድ፣ በየቀኑ የሚነሣ ዓይነ ምድር በግቢው ለሚጫወቱ ሕፃናት የሚኖረው አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል።

በቤት ውስጥ

በቤት ውስጥ ማስለመድ ከደጁ የሚለየው በርቀቱ ብቻ ነው። ንጣፉን አንጥፎ ቡችላው ራሱ እንዲያገኘው መተው ዋነኛው የውድቀት ምክንያት ነው፤ ወደ ንጣፉ በገመድ መውሰድ፣ መጠበቅ፣ ቃሏን መናገር፣ እዚያው መሸለም ሁሉም እንደ ደጁ ይፈጸማል። ቦታው ከመኝታውና ከምግቡ የራቀ፣ ሰው የማይመላለስበት፣ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ይሁን። በሩ አልፎ አልፎ የሚዘጋ መታጠቢያ ቤት አይመችም።

ለስላሳ ንጣፍ አንድ ጉድለት አለበት፤ ለውሻ መዳፍ ከምንጣፍ ጋር ይመሳሰላል። ንጣፍ የለመደ ቡችላ የእግር መጥረጊያውንና የአልጋ ዳር ምንጣፉን በቅንነት ቢሳሳትባቸው አይፈረድበትም። ስለዚህ ሥልጠናው እስኪጸና ድረስ ትንንሽ ምንጣፎችን ጠቅልለው ያስቀምጡ። ወደፊት ደጅም እንዲጠቀም የሚፈልጉ ከሆነ ሰው ሠራሽ ወይም እውነተኛ ሣር ያለበት ትሪ ከንጣፍ እጅግ ይመረጣል፤ መዳፉ በቤትም በደጅም አንድ ዓይነት ነገር ይሰማዋልና። የትሪው ጠርዝ ለአጭር እግር ዝቅ ያለ ይሁን። በውኃ ሲነካ የሚጋገር የድመት አሸዋ ለቡችላ አይሆንም፤ ያገኘውን ሁሉ ስለሚበላ ሆዱ ውስጥ ሊጋገር ይችላል።

መጀመሪያ ላይ ሰፊ ቦታ ይሸፍኑ፤ ሁለት ወይም ሦስት ንጣፍ ጎን ለጎን ቢሆን አይበዛም። ቡችላው ራሱ አንዱን ክፍል እየመረጠ ሲሄድ ያልነካውን ያንሡ። ብዙ ውሾች የፊት እግራቸው ንጣፉን ከረገጠ ደረስኩ ብለው ያስባሉ፤ ሽንቱ ግን ከጠርዙ ውጭ ይወርዳል። ይህ ያለመታዘዝ ጉዳይ አይደለም፤ መፍትሔውም ንጣፉን ማስፋት ወይም ጠርዙ ከፍ ያለ መከለያ በሦስት ጎኑ ማድረግ ነው። ንጣፉን ሲቀይሩ ከአሮጌው ቁራጭ ከአዲሱ ሥር ቢያኖሩ ሽታው ይመራዋል፤ ዓይነ ምድር ያለበትን ግን ወዲያው ያንሡ፤ ውሻ የቆሸሸ ቦታ ስለማይወድ አጠገቡ ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ሰው ቀኑን ሙሉ ቤት የማይውል ከሆነ ሳጥን ውስጥ ዘግቶ መሄድ አይገባም፤ ከአቅሙ በላይ የታገደ ቡችላ ሳጥኑን ያቆሽሻል፣ የተኛበትን ያለማቆሸሽ ዝንባሌውም ይጠፋል። በዚህ ጊዜ አጥር መሰል መከለያ ተሠርቶ በአንዱ ጫፍ መኝታው፣ በሌላው ጫፍ ንጣፉ ይቀመጥ፤ ቢቻል እኩለ ቀን ላይ የሚያየው ሰው ይኑር።

ከቤት ወደ ደጅ ማሻገር

ንጣፉን ወይም ትሪውን በቀን ግማሽ ሜትር ያህል ወደ በሩ ያስጠጉ። ቡችላው ወደ ድሮው ቦታ ሄዶ ከሸና የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት፤ ቸኩለዋልና ንጣፉን ለጥቂት ቀናት ወደ ኋላ ይመልሱት። በሩ ሥር ከደረሰና ከጸና በኋላ ከበሩ ውጭ፣ ከዚያም ወደ ተመረጠው ቦታ ይውሰዱት። እዚያ ሲለምድ በየጥቂት ቀኑ ንጣፉን እየቆረጡ ያሳንሱት፤ መጨረሻ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ሲቀር ያንሡት። ደጅን ብቻ ለምዶ የነበረ ውሻ የቤቱን ትሪ እንዲለምድ ሲያስፈልግ ደግሞ ትሪውን መጀመሪያ ደጅ ላይ በሚጸዳዳበት ቦታ አኑረው በላዩ ላይ እንዲሸና ያድርጉና ከዚያ ወደ ውስጥ ያስገቡት። ቃሏ በሁለቱም ስፍራ አንድ ናት፤ አዲሱ ቦታ የሚከብደውም ቃሏ ካልጸናች ነው።

ሌሊት

የ8 ሳምንት ትንሽ ቡችላ ሌሊቱን ሙሉ አይችልም። ሳጥኑን ከአልጋዎ አጠገብ ያድርጉ፤ ከመተኛትዎ በፊት ያውጡት፤ እኩለ ሌሊት ገደማ እንዲቀሰቅስዎ ሰዓት ይሙሉ። ማልቀስ ሳይጀምር ቀድሞ ማውጣት፣ ማልቀስ በር ያስከፍታል የሚለውን እንዳይማር ያደርገዋል። ሲያወጡት መብራት አይብዛ፣ ጨዋታም ወሬም አይኑር። በየሦስትና በየአራት ቀኑ የሰዓቱን ደወል 15 ደቂቃ እያዘገዩ ከሄዱ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ከንጋቱ ጋር ይገናኛል። ሽንትን ለመቀነስ ብለው ቀን ላይ ውኃ አይከልክሉ፤ ጤነኛ ቡችላ ከመኝታው ሁለት ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ የውኃ ሳህኑ ቢነሣ ችግር የለውም፤ በሙቀት ጊዜ ወይም በጣም ትንሽ ለሆነ ቡችላ ግን ይህም ይቅር።

ሲሳሳት

እየሸና ካዩት አጭርና የማያስደነግጥ ድምፅ አሰምተው አንሥተው ወደ ቦታው ይውሰዱት፤ እዚያ ከጨረሰ ይሸልሙት። ያዩት ከሸና በኋላ ከሆነ የሚሠራው ሥራ ማጽዳት ብቻ ነው። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት፣ መምታት፣ መጮህ ዛሬም እንደ መድኃኒት ሲነገር ይሰማል፤ ጉዳቱ ግን በቀጥታ ይታያል። ቡችላው ቁጣውን ከደቂቃዎች በፊት ካደረገው ነገር ጋር አያገናኝም፤ «ጥፋቱን አውቋል» የሚባልለት አንገት ደፍቶ የመሽቆጥቆጥ ሁኔታም የሰውየውን ፊትና አቋም አይቶ የሚያሳየው ፍርሃት ነው። እየሸና ሳለ የተመታ ደግሞ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ በዚህ ሰው ፊት መሽናት አደገኛ ነው። ከዚያ በኋላ ከአልጋ ሥርና ከመጋረጃ ኋላ ይሸሸጋል፤ ይባስ ብሎ ደጅ ላይ ገመዱን ይዘው ሲጠብቁት በፊትዎ አይሸናም። ቤት ሲገቡና ገመዱ ሲፈታ ግን ሮጦ ይሰወራል። እንዲህ ያለውን ውሻ መልሶ ማስተማር ከአዲስ ቡችላ ሥልጠና እጥፍ ይከብዳል።

ሲያጸዱ ሽንቱን በደረቅ ጨርቅ ተጭነው ያስመጥጡ እንጂ አይሹት። ከዚያ ቦታውን በውኃ አርሰው፣ ኢንዛይም ያለበትን ማጽጃ ሽንቱ እስከዘለቀበት ጥልቀት እንዲደርስ አድርገው አፍስሰው፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ያህል ያቆዩ። ኢንዛይሙ የሽታውን ምንጭ ስለሚያፈርሰው ተራ ሳሙና የማያደርገውን ያደርጋል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ለውሻው የሽንት ሽታ ስለሚመስል ይጋብዘዋል፤ በረኪና ደግሞ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ለመተንፈስ የማይበጅ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ሽታ አለ ቦታው ግን አልታወቀም የሚሉ ከሆነ ክፍሉን አጨልመው በአልትራቫዮሌት ባትሪ ይፈልጉ፤ የደረቀ ሽንት ያበራል።

የሥልጠና ጉድለት ያልሆኑ ነገሮች

ንጽሕናን ጠንቅቆ የለመደ ውሻ በድንገት ቶሎ ቶሎ መሽናት ከጀመረ፣ እያማጠ ጠብታ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ፣ ሽንቱ ደም ከቀላቀለ ወይም የሚጠጣው ውኃ ያለ ምክንያት ከበዛ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ፤ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ ጠጠር፣ የስኳር በሽታና የመሳሰሉት በሥልጠና አይድኑም። ጨርሶ መሽናት ካቃተው ለነገ አይባልም።

እንግዳ ሲገባ ወይም ሰው ጎንበስ ሲልበት ጆሮውን አጣጥፎ የሚሸና ቡችላ ደግሞ በውሻ ቋንቋ «አትጉዳኝ» እያለ ነው። ለትንሽ ውሻ ከላይ የሚጎነበስ ሰው ተራራ ነው። ሲገቡ ለጥቂት ደቂቃ ችላ ይበሉት፤ ከዚያ ጎንዎን ሰጥተው ቁጢጥ ብለው አገጩን ይዳብሱት። መቆጣት ያባብሰዋል፤ ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዉታል። ከ6 ወር ወዲህ ወንዱ እግሩን አንሥቶ በወንበር እግርና በግድግዳ ጥግ ላይ ጥቂት ጥቂት የሚረጨው ደግሞ «ይህ ስፍራ የእኔ ነው» የሚል ምልክት ነው፤ ማኮላሸት በብዙዎቹ ላይ ይቀንሰዋል፤ ልማዱ ሳይሰነብት ቢደረግ ይበልጥ ይረዳል።

ነፃነትን በክፍል በክፍል መስጠት

አራት ሳምንት ያለ ስሕተት ካለፈ አንድ ተጨማሪ ክፍል ይክፈቱለት፤ እዚያም መጀመሪያ በዓይንዎ ሥር ይሁን። 15 ሳንቲሜትር እግር ላለው ውሻ የቤቱ ጀርባ ክፍል ከግቢው የማይተናነስ ሩቅ አገር ነው፤ የማይኖርበትን፣ የማይበላበትን ክፍል እንደ ቤቱ አይቆጥረውም። ስለዚህ በአዲሱ ክፍል ውስጥ መኝታ አንጥፉለት፣ አልፎ አልፎ እዚያ መግቡት፣ አብራችሁት ተጫወቱ፤ ቤቱ መሆኑን ሲያውቅ ይጠብቀዋል። አብዛኞቹ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ሽንታቸውን በደንብ መቆጣጠር ይጀምራሉ፤ ትንንሾቹ እስከ አንድ ዓመት መዘግየታቸው የተለመደ ነው። ቤት ሲቀየር፣ ሕፃን ሲወለድ ወይም ዝናቡ ሲጀምር ጥፋት ቢመለስ ለአንድ ሳምንት ወደ መጀመሪያው ሥርዓት፣ ወደ ሳጥኑና ወደ ገመዱ ይመለሱ። ካደገ በኋላ ወደ ቤትዎ የመጣ ውሻም ቢሆን፣ የቀድሞ ባለቤቱ ምንም ቢሉ፣ እንደ 2 ወር ቡችላ ቆጥረው ይጀምሩት፤ ፊኛው ያደገ በመሆኑ ቶሎ ይደርሳል።

ለዚህ ሁሉ ማስታወሻ መያዝ ይጠቅማል። ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈው የበላበትን፣ የሸናበትንና የተሳሳተበትን ሰዓት ማንኛውም የቤተሰብ አባል ይጻፍ። ከአራትና ከአምስት ቀን በኋላ ወረቀቱን ሲያዩት ስሕተቶቹ በአንድ ሰዓት ዙሪያ ተሰብስበው ያገኟቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ሁሉም ሰው «ሌላው አውጥቶታል» ብሎ ባሰበበት ሰዓት።